የኮሚቴው ዶሮ

ሰው ሲያረጅ ቅናት ይለቀዋል ብዬ አስብ ነበር። ጉልበቴ ከዳኝ፣ ዐይኔ ፈዘዘ፣ ጥርሴም ከፊሉ ሄደ፤ ቅናቴ ግን እንዳለ አለ። ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ሊዲያ ከውጭ እየሮጠች ገብታ፣ «እማማ፣ ሐሙስ ቤታችንን ሊያዩ ይመጣሉ! ከኮሌጁ አንድ ሰውዬ፣ ከከተማው ደግሞ እትዬ አስቴር የሚባሉ ጡረታ የወጡ ዳይሬክተር» አለችኝ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቢላዋውን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። አስቴር የሚለውን ስም ስሰማ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ፊቷ አይደለም፤ ሹራቧ ነው። ነጭ ኮሌታ ብቅ የሚልበት፣ ቁልፉ እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ሰማያዊ የሱፍ ሹራብ። ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ እኔ ግን ዛሬም ሰልባጅ ተራ ሳልፍ እንደዚያ ያለ ሰማያዊ ካየሁ ፊቴን አዞራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ሶዶ ውስጥ ተማሪ መርጦ የሚቀበል አንድ የግል ጤና ኮሌጅ አለ። ክፍያው የሚቀመስ አይደለም። በየዓመቱ ግን ሁለት ልጆችን በነጻ ያስተምራል፤ አንዱን በውጤት፣ አንዱን በችግር። በውጤት የሚገባው በመግቢያ ፈተናው አንደኛ የወጣው ነው፤ አባቱ ማን ነው፣ ምን አለው ተብሎ አይጠየቅም። በችግር የሚገባው ደግሞ ጎበዝ ሆኖ መክፈል የማይችለው ነው፤ እሱን ለመለየት ቤት ለቤት እየዞሩ ያያሉ። ሊዲያ ሁለተኛ ወጣች። አንደኛ የወጣው ዋናው መንገድ ላይ ባለ ፎቅ ሆቴል ያለው ሰውዬ ልጅ ነው፤ ሒሳብ የሚያስጠናው ሌላ፣ እንግሊዝኛ የሚያስጠናው ሌላ። ነጻ ዕድሉን ያገኘ ዕለት አባቱ ሆቴሉ ውስጥ ኬክ አስቆረጠ። የኬኩ ዋጋ ብቻ ሊዲያን ስንት ወር ያስተምር ነበር ብዬ ስንገበገብ፣ «እማማ፣ በውጤቱ እኮ ነው» ትለኛለች። በውጤቱ መሆኑን መቼ አጣሁት! የሊዲያ አባት በሕይወት የለም፤ እናቷ፣ ማለትም ልጄ፣ ራቅ ብላ ሃላሌ ጤና ጣቢያ በጽዳት ትሠራለች፤ እኔ ያለኝ የታይፒስት ጡረታ ነው። እንግዲህ የቀረን የችግሩ በር ብቻ ነበር። ያንን በር ደግሞ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ያኔ ሶዶ ትንሽ ነበረች። ከዳሞታ የሚወርደው ጉም እስከ ረፋድ ገበያው ላይ ይተኛል፤ ሰው ድምፁን ነው የምትሰማው እንጂ መልኩን አታየውም። ባጃጅ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ያለው ጋሪና እግር ነው። በስሙኒ ሁለት እጅ የማይችለው የሙዝ ዘለላ ይገዛል። ከገበያው ማዶ በረንዳቸው ላይ የሲንጀር መኪናቸውን የሚያንኳኩት ልብስ ሰፊ፣ አቡጀዴ ወስደሽላቸው ከተረፈው ጨርቅ ለፀጉርሽ ሪባን ይሠሩልሻል። ከከተማው ዳር፣ የባሕር ዛፉ ረድፍ የሚጀምርበት ጋ፣ በፈተና ብቻ የሚገባበት የግል ትምህርት ቤት ነበር። የዚያ ትምህርት ቤት ሴት ልጆች ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በሰልፍ እየዘመሩ በደጃችን ያልፉ ነበር። ግራጫ ጉርድ፣ ነጭ ካልሲ፣ በጎን የምትቆለፍ ጥቁር ጫማ፣ በላዩ ሰማያዊው ሹራብ። ሲያልፉ ናፍታሊንና አዲስ ሱፍ ይሸታሉ። እኔ በኮንጎ ጫማዬ አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ፣ የመዝሙሩን ዜማ ሳይሆን ያንን ሽታ ወደ ውስጥ እስብ ነበር።

ያ ትምህርት ቤትም እንደዛሬው ኮሌጅ ነበር፤ አንድ ልጅ በውጤት፣ አንድ ልጅ በችግር። ስምንተኛ ክፍልን ስንጨርስ ተፈተንን። አንደኛ የወጣው ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣው ሐኪም ልጅ ነው፤ አባቱ በመኪና የሚያመላልሰው፣ ከፍሎም ሊማር የሚችል። ሁለተኛ እኔ። ሦስተኛ አስቴር። ከአስቴር ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምንቀመጠው፤ ቤታቸው ወደ ሻንቶ በሚወስደው መንገድ፣ እንሰቱ ውስጥ የተደበቀ ሣር ቤት ነው። የእኛ ደግሞ መሀል ከተማ፣ ባለ ቆርቆሮ። አያቴ ከሰሜን በሹመት የመጡ ሰው ነበሩ፤ ቆርቆሮውን ያለበሱት እሳቸው ናቸው። ከቆርቆሮው በታች ግን ምንም አልነበረም። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ በጊዜ ሞተ፤ እናቴ እትዬ ወርቄ ፈትል እየፈተለች ነው ያሳደገችን። ችግረኛ ማለት እኛ ነበርን፤ አገሩ ሁሉ የሚያየው ግን ቆርቆሮውን ነው።

ኮሚቴው ሊመጣ ነው ሲባል ሌላ ቤት ቢሆን ደህናውን ዕቃ ይደብቃል። እናቴ ከእድር ወንበር አስመጣች። ከጎረቤት ጠርዛቸው ወርቃማ የሆነ ብርጭቆዎች ተዋሰች፤ ከሌላ ጎረቤት ጥልፍ የጠረጴዛ ልብስ። የፈትሏን ገንዘብ ይዛ ገበያ ወርዳ ቀይ አውራ ዶሮ ይዛ ተመለሰች። «እትዬ፣ ችግረኛ መሆናችንን ሊያዩ እኮ ነው የሚመጡት» አልኳት። «ታዲያ ሰው ቤቴ መጥቶ ደረቁን ይውጣ? የአባትሽ ቤት እኮ ነው!» አለችኝ። ሦስት ሆነው መጡ፤ ርእሰ መምህሩ መካከል፣ በአያቴ ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዶሮው ቀረበ። እናቴ ቆማ አጎረሰቻቸው። ርእሰ መምህሩ እንቁላሉን ለሁለት ከፍለው እየበሉ፣ «እትዬ ወርቄ፣ ቤትሽ ሙሉ ነው» አሏት። የእናቴ ልብ ቅቤ ጠጣ። ከሳምንት በኋላ በእጅ የተጻፈ ውጤት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ፤ የችግሩ ዕድል የአስቴር ሆነ። የእኔን ነገር የጠየቁ ሰዎች፣ «እነሱማ ደህና ናቸው» ተባሉ።

ደህና ነበርን! በዚያ ዓመት አስቴር ሹራቡን ለብሳ ዓርብ ዓርብ በደጃችን ማለፍ ጀመረች። ከአጥሩ ወርጄ ቤት ገባሁ፤ ግን በቆርቆሮው መስኮት ቀዳዳ እያየሁ ነው። እጅጌዋን፣ ቁልፎቿን፣ ኮሌታዋን አየሁ። እርር ድብን አልኩ። አልፋ ስትሄድ ደግሞ ምነው ትንሽ በቆየች እላለሁ፤ ቅናት እንዲህ ያለ ሞኝ ነገር ነው። እኔ የታይፕ ትምህርት ገባሁ። ዘመኑ ተለዋወጠ፣ ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ፣ የቢሮዎቹ ስምም ተቀያየረ፤ እኔ ማሽኔ ፊት ነበርኩ። አስቴር መምህርት ሆነች፤ ቀጥላ ዳይሬክተር። የሹመት ደብዳቤዋን የመታሁት እኔ ነኝ። ጣቴ ፊደሉን ሲመታው ኃላፊዬ ከውስጥ ክፍል፣ «ጽጌ፣ ማሽኑን ልትሰብሪው ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ዛሬ መንገድ ላይ ባጃጅ የሚነዳ ጎረምሳ እሷን ሲያይ ቆሞ፣ «ቲቸር፣ ይግቡ» ይላታል። እኔን ሂሳብ ያስከፍለኛል።

ሐሙስ ደረሰ። ሊዲያ የእኔን ታሪክ ስለምታውቅ ዋዜማውን ቤቱን አራቆተችው። እናቷ የላከችልንን ቴሌቪዥን፣ የሶፋውን ልብስ፣ ምንጣፉን ሳይቀር ጎረቤት ወሰደች። «እማማ፣ ምንም እንዳታቀርቢ። ውሃ እንኳ» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። እጄ ግን አላስቻለኝም፤ ሳትነግራት ማለዳ ተነስቼ ዶሮ ሠራሁ። ስትደርስበት ፊቷ ተለዋወጠ፤ ድስቱን በጨርቅ ጠቅልላ እሱንም ጎረቤት አስቀመጠችው። በአጥሩ ላይ ብጣራ የሚሰማበት ቦታ ነው። እንግዲህ በዕድሜዬ ሙሉ ካወቅኩት ሰው ሁሉ መካከል፣ ባዶ ቤቴን እንድታይ የተላከችው አስቴር መሆኗን ሳስብ አፈር በበላሁ አልኩ።

ከቀትር ትንሽ ቀደም ብሎ መጡ። ብንያም የሚባለው የኮሌጁ ሠራተኛ ስልኩን ይዞ ገባ፤ አስቴር ከኋላው። ከእግሯ ጀመርኩ። የቆዳ ጫማ፣ አዲስ አይደለም ግን የተወለወለ። ቀጥ ያለ ወገብ። ጥርሶቿ ያሉ ይመስላሉ፤ ይኑሩ አይኑሩ እስክትስቅ ጠበቅኩ፤ አሉ።

«ሳሮ፣ ሚቼ!» አለች በወላይትኛ፣ ደህና ነሽ እህቴ ማለቷ ነው፤ ሦስቴ አገላብጣ ሳመችኝ። ልጆች ሳለንም እንዲህ ነበር የምትለኝ።

ብንያም ጣሪያውን፣ ወለሉን፣ አልጋውን ፎቶ አነሳ። «ማቀዝቀዣ አላችሁ እማማ?» «የለንም።» «ቴሌቪዥንስ?» ሊዲያ ጣሪያውን አየች። «እዚህ ቤት ውስጥ የምታየው ነው» አልኩት፤ ውሸት አይደለም። አስቴር ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥኑ የነበረበትን ንጹሕ አራት ማዕዘን አይታ ከንፈሯን ነከሰች።

ብንያም ጓሮውን ለማየት ሲወጣና ሊዲያ ተከትላው ስትሄድ፣ አስቴር ባዶው ጠረጴዛ ላይ እጇን አሳረፈች። «እናትሽ ይህን ጠረጴዛ ቢያይ ይሞት ነበር» አለችና ሳቀች። ስትስቅ አማርኛዋ ወደ ልጅነቷ ይመለሳል፤ ሴቱም ወንዱም አንድ ይሆንባታል። «ያን ዶሮ ታስታውሻለሽ?»

«እንዴት እረሳዋለሁ? ዕድሜዬን የበላው እሱ አይደል።»

«ታዲያ አንቺ ግማሹን ነው የምታውቂው፤ እስከ ዛሬ ሰው አልነገረሽም?» አለችና ወንበሯን ሳበች። «የዚያን ቀን የእኛም እናት ሠርቶ ነበር። ለጊፋታ በዓል ያጠራቀመውን ቅቤ በሙሉ አውጥቶ፣ ከእንሰት የሚሠራውን ሙቹዋ አድርጎ፣ ቅቤው እስኪንሳፈፍ። ጎረቤት ያለውን ጣባ ሁሉ ለምኖ። አባቴ ‹ሀብታም ነው ይሉናል፣ ተይ› አለ፤ እናቴ አልሰማ አለ። ኮሚቴው መጣ። ግን ከማን ቤት ነው የመጣው? ከእናንተ ቤት! ርእሰ መምህሩ ቀበቶውን ፈታ አድርጎ ደጃፍ ላይ ቆመ። ‹ጠግበናል እናቴ፣ አናስቸግርሽ› አለ። አልገቡም እኮ! ከውጭ ጣሪያውን አዩ፣ ጭሱን አዩ፣ ሄዱ። ሙቹዋው በእንሰት ቅጠል እንደተሸፈነ ቀረ። እናቴ፣ እንግዳ ሳይቀምስልኝ ሄደ ብሎ እስከ ማታ አለቀሰ። በኋላ ነጻ ትምህርቱ መጣ።»

ለካ አስቴርን ያስተማራት የእኛ ዶሮ ነው! የእናቴ ፈትል፣ የእናቴ ቀይ አውራ ዶሮ፣ የእድሩ ወንበር! መጀመሪያ ወደ ሻንቶ መንገድ ሄደው ቢሆን ኖሮ ቅቤው እነሱን ደህና ያሰኛቸው፣ እኛ ቤት ጠግበው ይደርሱ ነበር። እኔ ሹራቡን እለብስ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ስቀናባት በጭፍን ነበር፤ አሁን ደግሞ ምክንያት ተገኘለት። ደሜ ፈላ።

አስቴር ፊቴን አይታ ይመስለኛል፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሹራቡን ደግሞ አትቅኚበት። የሌላ ልጅ ነበር፤ ብብቱ ተበልቶ በሌላ ቀለም ክር ተጥፏል። መልሱን እያወቅኩ ክፍል ውስጥ እጄን አላወጣም ነበር፤ እንዳይታይ። ሳሙና ሲታደል ‹ችግረኞች በዚህ በኩል› ይባላል፤ የሐኪሙ ልጅ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ቆሞ ሲጨበጨብለት እኔ እዚያ እሰለፋለሁ። እኔ በአንቺ ነበር የምቀናው፣ ሚቼ። ቤታቸው ሙሉ ነው የተባለላት ልጅ አንቺ ነሽ።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያለቅስና ይተቃቀፍ ነበር። እኔ በልቤ ያልኩት፣ ቅናቴንም ልትወስድብኝ ነው እንዴ፣ ነው። የተጣፈም ቢሆን ሹራብ ነው። ተሰልፋም ቢሆን ሳሙናውን ወስዳለች። እጇን ሳታወጣም ቢሆን ትምህርቱን ሰምታለች። ያ ሁሉ እያለ በቆርቆሮ ቀዳዳ ታይ በነበረችው ልጅ መቅናት ምን የሚሉት ነው?

ብንያም ተመለሰ። አስቴር ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች፤ ከዚያ በድሮ ዐይኗ አየችኝና፣ «የሚቀመስ ነገርም የለም እንዴ ጽጌ? ከጠዋት ጀምሮ ስንዞር ሆዴ ተጣበቀ» አለችኝ። ቀልዷን ይሁን ምሯን አላወቅኩም።

«ከዚህ ወዴት ናችሁ?» አልኩ።

«አንድ ቤት ቀርቶናል። ወደ ሻንቶ መንገድ፤ አንዲት ጎበዝ ልጅ አለች» አለ ብንያም። «እሷና ሊዲያ ናቸው የቀሩት።»

ድስቱ ከአጥሩ ማዶ ነው። አንድ ጊዜ ብጣራ ይመጣል። ጠግበው ይሄዳሉ፤ እዚያ ደጃፍ ላይ ቆመው ‹አናስቸግርሽ› ይላሉ፤ የዚያችም እናት ምን እንደሠራች፣ ማንን እንደለመነች ሳያዩ ይመለሳሉ። ሊዲያ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። የእናቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበር፤ ሰው ቤቴ መጥቶ ደረቁን ይውጣ? አስቴርን አየኋት፤ ቀጥ ያለ ወገቧን፣ የተወለወለ ጫማዋን።

«ምንም የለም» አልኩ። «እንደምታዩት ነው።»

ርቧቸው ሄዱ። ሊዲያ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ማታ ድስቱን አስመጥተን ዶሮውን ስንበላ፣ እሷ ጎረሰች፤ እኔ አጥንቱን እያገላበጥኩ አመሸሁ።

በሳምንቱ አስቴር ደወለች። «ሊዲያ አልፋለች፣ እንኳን ደስ አለሽ» አለችኝ። እልል አልኩ፤ ጎረቤት ወጣ። ቆይቼ ግን ስልኩን ሳልዘጋ፣ «ያችኛይቱስ?» አልኳት።

«እናቷ ሙቹዋ ሠርታ ጠበቀችን። እኔም በላሁ፣ ርቦኝ ነበር። ብንያም ሁለቴ አስጨመረ። ስብሰባ ላይ ‹እነሱ ደህና ናቸው፣ ቅቤው ይፈሳል› አለ። እኔ ተከራከርኩ፤ ቅቤ ማለት ሀብት ማለት አይደለም፣ የራሴን እናት አውቃለሁ አልኳቸው። አንድ ድምፅ ነኝ።» ከዚያም፣ «አሁንስ ማንን መሰልሽ፣ የድሮዋን አንቺን ወይስ እኔን?» አለችኝ። ምን ለማለት እንደፈለገች ገብቶኛል፤ ስልኩን ዘጋሁት።

ኮሌጁ ተከፈተ። የመጀመሪያው ቀን ሊዲያን ሚኒባስ ፌርማታ ድረስ ሸኘኋት። ነጩን ጋዎን ለብሳው ነው የወጣችው፤ ከማሸጊያው የወጣበት እጥፋት ገና አልለቀቀም፣ አዲስ ጨርቅ ይሸታል። መንገደኛው ሁሉ «ዶክተር» እያለ ሲቀልድባት ትስቃለች። ፌርማታው ላይ፣ ከሻንቶ የገባው ሚኒባስ ሰው ሲያወርድ፣ የእሷ እኩያ የሆነች አንዲት ልጅ የጎመን ቅርጫት ይዛ ወረደች። ኮሚቴው ያያት ልጅ ትሁን አትሁን አላውቅም፤ ሻንቶ ስንት ልጅ አለ። ቅርጫቱን መሬት አስቀምጣ ግን የሊዲያን ጋዎን አየች። ከእጅጌው ጀመረች፤ ወደ ቁልፎቹ ሄደች፤ ኮሌታው ላይ ቆመች። ከዚያ ፊቷን አዞረች፤ ወዲያው ደግሞ መልሳ አየች።

«ጋዎንሽን አውልቂና ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው» አልኳት ሊዲያን።

«ለምን እማማ?»

«አቧራ ነው» አልኳት። «ይቆሽሽብሻል።»